ቢላው ጥቂት ይቆይ

በ1890 መገባደጃ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ እጇን ያመማት አንዲት የ17 ዓመት ወጣት ዊልያም ኮሊ ዘንድ ቀረበች፤ ኮሊ ገና የ28 ዓመት ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀላል ጉዳት የመሰለው ሕመም ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ኮሊ ክንዷን ቆረጡ። ካንሰሩ ግን ቀድሟቸው ተሰራጭቶ ስለነበር ወጣቷ በጃንዋሪ 1891 አረፈች። ሐኪሙ ሐዘኑ አልወጣላቸውም። የቆዩ የሆስፒታል መዝገቦችን እያገላበጡ ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው ይኖር እንደሆነ መፈለግ ያዙ፤ አንድ አገኙ። አንገቱ ላይ የበቀለበትን ዕጢ ሐኪሞች ደጋግመው ቢቆርጡትም ነቅለው ሊጨርሱት ያልቻሉ ጀርመናዊ ስደተኛ ነበር። ቁስሉ ላይ ቆዳ የሚያቀላና ኃይለኛ ትኩሳት የሚያስነሳ ኢንፌክሽን ወጣበት፤ ሰውየው ከትኩሳቱ ሲያገግም ዕጢውም አብሮ ጠፋ። ኮሊ በማንሃተን የስደተኞች ሠፈር ዞረው ዞረው አገኙት። በሕይወት ነበር፣ ካንሰሩም አልተመለሰም።

ኮሊ ከዚያ በኋላ ሕመምተኞቻቸውን ሆን ብለው በባክቴሪያ ማስያዝ ጀመሩ፤ ቆይተውም የሞቱ ባክቴሪያዎችን ቀምመው በመርፌ ይሰጡ ነበር። የዳኑ ነበሩ፤ በትኩሳቱ የሞቱም ነበሩ። ለምን አንዱ እንደሚድንና ሌላው እንደማይድን ማስረዳት የቻለ ሰው ስላልነበረ፣ የጨረር ሕክምና ሲመጣ የኮሊ መርፌ ወደ ጎን ተገፋ። ሴት ልጃቸው ሄለን ኮሊ ናውትስ ግን የአባቷን ወረቀቶች አልጣለችም። በ1953 ኒው ዮርክ ውስጥ የካንሰር ምርምር ተቋም የሚባል ድርጅት አቋቋመች፤ ዓላማው የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ኃይል በካንሰር ላይ ማነሳሳት ነው። ይህ ድርጅት ከ65 ዓመት በኋላ በትረካችን ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ያ ጀርመናዊ ሲድን ዕጢው አንገቱ ላይ ነበር። ሐኪሞቹ አውጥተው ቢጨርሱት ኖሮ ትኩሳቱ የሚያገኘው ጠላት ባልኖረ። ኮሊ ይህን አላሉም፣ የምለው እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ይህ ነጥብ በሕክምናው ዓለም ተገቢውን ቦታ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ምክንያቱም በመካከሉ ቢላው ድል አደረገ። ኤፕሪል 5 ቀን 1933 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ባርንስ ሆስፒታል ዶክተር ኤቫርትስ ግራሃም የአንድ ሕመምተኛ ደረት ከፍተው ቆሙ። ሕመምተኛው ራሳቸው ሐኪም ነበሩ፤ ከፒትስበርግ የመጡ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ ዶክተር ጄምስ ጊልሞር። ዕቅዱ ካንሰሩ ያለበትን አንዱን የሳንባ ክፍል ብቻ ማውጣት ነበር። ደረቱ ሲከፈት ግን ዕጢው የተቀመጠበት ቦታ ይህን የሚፈቅድ አልሆነም፤ ወይ መልሶ መዝጋት ነው፣ ወይ የግራውን ሳንባ እንዳለ ማውጣት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለካንሰር ተብሎ አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ ተወግዶለት የተረፈ ሰው አልነበረም። ግራሃም አወጡት፤ ባዶው የደረት ክፍል እንዲሟሽሽም በርካታ የጎን አጥንቶችን አነሱ። ጊልሞር አገግመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ሠላሳ ዓመትም ኖሩ።

ግራሃም የከፈቱትን መንገድ ሌሎች ተከተሉት። የሳንባ ካንሰር ከተገኘና ካልተሰራጨ ፈጥኖ ማውጣት የማያከራክር ሕግ ሆነ። ግራሃም ራሳቸው ግን ከዚህ ታሪክ የወጡት በሚያሳዝን መንገድ ነው። አጫሽ ነበሩ። የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም አልተን ኦክስነር የሳንባ ካንሰርና የሲጋራ ሽያጭ አብረው እያደጉ መሆናቸውን ሲያነሱባቸው፣ የናይለን ስቶኪንግ ሽያጭም አብሮ አድጓል ብለው ቀልደውባቸው ነበር ይባላል። ኤርንስት ዊንደር የተባለ የሕክምና ተማሪ ግን ጉዳዩን እንዲያጠና ፈቀዱለት፤ በ1950 ሁለቱ በጋራ በ684 ሕመምተኞች ላይ ያወጡት ጥናት ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ካያያዙት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ ሆነ። ግራሃም ማጨሱን ቢተዉም ዘግይተው ነበር። በማርች 1957 በሳንባ ካንሰር ሞቱ፤ ሳንባቸውን ያወጡላቸው ጊልሞር ግን ገና በሕይወት ነበሩ።

የቢላው ድል ሙሉ አልነበረም። ቀዶ ጥገናው ሠመረ፣ ጠርዙ ንጹሕ ሆነ ከተባለ በኋላ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በጉበት፣ በአጥንት፣ በአንጎል ብቅ ይል ነበር። እንደየደረጃው ከሦስት አንድ እስከ ግማሽ ያህሉ፣ ከዚያም በላይ፣ በዚህ መንገድ ይመለስባቸዋል። ሐኪሙ የሚያየውን ዕጢ ሲያወጣ የማይታዩት ዘሮች በደም ውስጥ አልፈው ሌላ ቦታ አድፍጠው ነበር ማለት ነው። ቢላ የማይደርስበት ቦታ የሚደርስ ነገር አስፈለገ።

ያ ነገር በአጋጣሚ ተገኘ። በ1965 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርኔት ሮዘንበርግ የተባሉ ሳይንቲስት የኤሌክትሪክ ኃይል ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርገው ይሞክሩ ነበር። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ጉዳዩ ሲጣራ ሥራውን የሠራው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ሽቦው ተቀርፎ የሟሟው ውህድ ነበር። ሴል እንዳይከፋፈል የሚያግድ ነገር ካንሰርንም ሊያግድ ይችላል ብለው በአይጥ ሞከሩት፤ ሠራ። በ1978 ሲስፕላቲን በሚል ስም በአሜሪካ ጸደቀ፤ እስከ ዛሬም የሳንባ ካንሰር ኬሞቴራፒ የሚቆመው በዚህና በወንድሙ በካርቦፕላቲን ላይ ነው።

ኬሞው ከቀዶ ጥገና በኋላ ይሰጥ ወይስ በፊት? አብዛኞቹ በኋላ አሉ፤ ዕጢው ይውጣ፣ የቀረውን ኬሞው ይጥረገው። በ1994 ግን ከወራት ልዩነት ጋር ሁለት ጥናቶች በተቃራኒው ወጡ። አንዱ የራፋኤል ሮሴል የስፔን ቡድን ነው፤ ሌላው ሂውስተን ከሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የጃክ ሮዝ ቡድን። ሁለቱም የወሰዱት 60፣ 60 ሕመምተኞችን ነው፤ ግማሾቹ በቀጥታ ተቀደዱ፣ ግማሾቹ በቅድሚያ ኬሞ ወሰዱ። በስፔኑ ጥናት ኬሞ የቀደመላቸው በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 26 ወር ሲሆን በቀጥታ የተቀደዱት ግን 8 ወር ብቻ ሆነ። ልዩነቱ በመስፋቱ ሁለቱም ጥናቶች ከታሰበው በፊት ቆሙ። ደስታው ግን ብዙ አልዘለቀም፤ በ60 ሰው የታየ ነገር በሺዎች ሲመዘን ይሟሟል። በ2014 የ15 ጥናቶችና የ2,385 ሕመምተኞች መረጃ አንድ ላይ ተደምሮ ሲታይ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት የተሰጠ ኬሞ በአምስት ዓመት በሕይወት የሚገኙትን ከ100 ሰው ከ40 ወደ 45 ብቻ ከፍ አድርጎ ተገኘ። በኋላ ሲሰጥም የሚጨምረው ያንኑ ያህል ነበር። አምስት ሰው አምስት ሰው ነው፣ አይናቅም፤ ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ ያስመለሳቸውና ፀጉራቸው የረገፈ 95 ሌሎች አሉ።

ያው 1994 ሊያልቅ ሲል ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሳንባም ከቀዶ ጥገናም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሙከራ እየተካሄደ ነበር። ጄምስ አሊሰን የሚያጠኑት ቲ-ሴል የሚባለውን የነጭ ደም ሕዋስ ነው፤ ባዕድ ያየውን ሁሉ የሚገድል፣ የሰውነት ዋና ተዋጊ። ይህ ሕዋስ ሲቲኤልኤ-4 የሚባል ፕሮቲን በላዩ አለው፤ ያም ፍሬኑ ነው፤ ጠላት አልቆ ሳለ ተዋጊው የገዛ አካልን እንዳያጠቃ የሚይዘው። ሌሎች ይህን ፍሬን ለመርገጥ ሲያስቡ አሊሰን ለመልቀቅ አሰቡ። ካንሰር የያዛቸው አይጦች ፍሬኑን የሚያሰናክል ፀረ-አካል ተሰጣቸውና ካንሰሩ ጠፋ። አሊሰን ማመን አቅቷቸው የገና ዕረፍት ሳይበግራቸው ሙከራውን ደገሙት፤ ውጤቱ ያው ነበር። በ1996 አሳተሙት።

በዓለም ሌላኛው ጫፍ፣ በጃፓን ኪዮቶ፣ ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ሁለተኛ ፍሬን አግኝተው ነበር፤ ፒዲ-1 ይባላል። ሲያገኙት የሕዋስ ሞትን የሚመራ ነገር መስሏቸው ነበር፤ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ዓመታት ፈጀ። በኋላ እንደታየው ብዙ ካንሰሮች ይህን ፍሬን የሚረግጠውን ፕሮቲን በላያቸው ያበቅላሉ። ቲ-ሴሉ መጥቶ ካንሰሩን ይነካዋል፣ ካንሰሩም ፍሬኑን ይረግጥበታል፣ ተዋጊውም እዚያው ሽባ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

የሳንባ ካንሰር በዚህ ዕድል ውስጥ ይኖራል ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። የበሽታ መከላከያውን ማነሳሳት ይሠራባቸዋል ተብለው የሚታወቁት የቆዳ ካንሰር የሆነው ሜላኖማና የኩላሊት ካንሰር ነበሩ። ለሳንባ የተሞከሩ በርካታ ክትባቶችም ከሽፈዋል። በጁን 2012 ግን ከባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ የሱዛን ቶፓሊያንና የጁሊ ብራህመር ቡድን ፒዲ-1ን በሚያግደው መድኃኒት፣ ኋላ ኒቮሉማብ በተባለው፣ ላይ ያወጡት ውጤት አገሩን አስደነቀ። ሌላ መድኃኒት ሁሉ ያልረዳቸው 76 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ነበሩ፤ የ14ቱ ዕጢ በግልጽ ቀነሰ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ጉልበቱ የቀነሰላቸው አንዳንዶቹ ለዓመታት ቀንሶ መቆየቱ ላይ ነው፤ ኬሞ እንዲህ አያደርግም። በማርች 2015 መድኃኒቱ ለተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ጸደቀ።

ታዲያ ሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው ይህን ያህል ከሠራ፣ ገና ሊድን ለሚችለው ለምን አይሰጥም? ይህን ጥያቄ የሆፕኪንስ ሐኪሞች መድኃኒቱ ከመጽደቁም በፊት ጠይቀውት ነበር። ጥያቄው ቀላል ሆኖ ሳለ መልሱን ለመሞከር ድፍረት ይፈልግ ነበር፤ ምክንያቱም ሊሰጡ ያሰቡት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

የበፊቱ አመክንዮ እንዲህ ነው። ቲ-ሴል የሚዋጋውን ጠላት አስቀድሞ ማየት አለበት። ዕጢው በቦታው ሳለ፣ በዙሪያው ያሉት ንፍፊቶችም ሳይነኩ፣ የካንሰሩ ምልክቶች ሁሉ ለሕዋሶቹ ይታያሉ። ፍሬኑ በዚያ ሰዓት ከተለቀቀ ተዋጊዎቹ ምልክቱን አውቀው ይበዛሉ፣ በደም ተበትነውም ያደፈጡትን ዘሮች አሳድደው ይገድላሉ። ዕጢው ከወጣ በኋላ ከተሰጠ ግን የሚማሩበት ነገር የለም፤ ቢኖርም በጥቂቱ ነው። በ2016 ከአውስትራሊያ ብሪዝበን ሚሼል ቴንግና ማርክ ስሚዝ ይህንኑ በአይጥ አሳዩ። የጡት ካንሰር የያዛቸው አይጦች የበሽታ መከላከያን የሚያነሳሳ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወሰዱ፤ ከቀዶ ጥገና በፊት የወሰዱት ግን በኋላ ከወሰዱት እጅግ በተሻለ ቁጥር ተረፉ። መድኃኒቱ አንድ፣ ቢላውም አንድ፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

የቀዶ ጥገና ሐኪሞቹ ሥጋት ግን የቀልድ አልነበረም። ዛሬ ወጥቶ ሊድን የሚችል ሰው መድኃኒት እየጠበቀ ካንሰሩ ቢሰራጭስ? መድኃኒቱ የሳንባ ብግነት ቢያስነሳበትና ለማደንዘዣ የማይበቃ ቢሆንስ? ቲ-ሴሎች የወረሩት ዕጢና ንፍፊት ከትልልቆቹ የደም ሥሮች ጋር ተጣብቆ ጠባሳ ከሆነ፣ ሐኪሙ ምኑን ከምኑ ይለየዋል? ከልብ የሚወጣ የደም ሥር ማጅራት ላይ ቢላ ይዞ የቆመ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥናት ዋና ዓላማ መድኃኒቱ ያድናል ወይ የሚለው አልነበረም፤ ቀዶ ጥገናውን ያዘገያል ወይ፣ ጉዳት ያደርሳል ወይ የሚል ነበር።

ጥናቱን የመሩት አየርላንዳዊው ፓትሪክ ፎርድ ከሆፕኪንስና ጄሚ ቻፍት ከኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ናቸው። ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዱ ያ የኮሊ ልጅ ያቋቋመችው ድርጅት ነበር። ለ21 ሕመምተኞች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ብቻ ኒቮሉማብ በደም ሥር ተሰጣቸው፤ አራተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቀዶ ጥገና ይገባሉ።

ከመግባታቸው በፊት ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ውጤቱ አንጀት የሚያርስ አልነበረም። ዕጢያቸው በሚገባ የቀነሰው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። 18ቱ ባሉበት ናቸው። ስካኑን ብቻ ያየ ሐኪም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መዝገቡን ይዘጋው ነበር። ሕመምተኞቹ ገቡ፤ የ20ዎቹ ዕጢ ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ በመድኃኒቱ ምክንያት ቀዶ ጥገናው የዘገየበት አንድም አልነበረም። ከዚያ የወጣው ሥጋ ተቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ሌላ ታሪክ ወጣ። ከ20ው በ9ኙ ውስጥ በሕይወት ያለ ካንሰር ከመቶ አሥር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ሲቲው ዕጢ ብሎ ያሳየው ጥላ በቲ-ሴልና በጠባሳ የተሞላ የጦር ሜዳ ነበር። ተዋጊዎቹ በብዛት ገብተው ቦታውን ስለሞሉት ዕጢው በስካን አልቀነሰም። የአንዳንዶቹን ደም ሲመረምሩም ያንኑ ዕጢ የሚለዩ ቲ-ሴሎች በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ አገኟቸው፤ አመክንዮው የተነበየው ይህንኑ ነበር። ውጤቱ በኤፕሪል 2018 ሲነገር የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩት የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ከማንም ይልቅ ተፈላጊ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ የወጣን ዕጢ ደረጃ ከመመደብ ያለፈ ሚና ያልነበራቸው ሰዎች፣ መድኃኒቱ ሠራ አልሠራም የሚለውን የሚፈርዱት እነሱ ሆነው አረፉ።

በዚያው ወቅት ማድሪድ ውስጥ ማሪያኖ ፕሮቬንሲዮ በፎርድ ከተሞከረው አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደው ነበር። የፑዌርታ ዴ ኢዬሮ ሆስፒታል ሐኪም ናቸው፤ በስፔን የሳንባ ካንሰር ቡድን ሥር ያሉ 18 ሆስፒታሎችን አስተባብረው ናዲም የተባለ ጥናት በኤፕሪል 2017 ጀመሩ። ኒቮሉማብን ለብቻው ከመስጠት ከኬሞ ጋር አጣምረው፣ በየሦስት ሳምንቱ፣ ሦስት ጊዜ። ብዙዎች ያኔ ኬሞ የበሽታ መከላከያውን ስለሚያደክም ሁለቱ አይስማሙም ብለው ያምኑ ነበር። ፕሮቬንሲዮ የተገላቢጦሹን ገመቱ፤ በኬሞ የሚሞት የካንሰር ሕዋስ ሲፈነዳ ውስጡ ያለውን ምልክት ይበትናል፣ ቲ-ሴሉም ያንን ያነሣል። የወሰዷቸው ሕመምተኞች ደግሞ ቀላሎቹን አልነበሩም፤ 46ቱም ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ፣ ካንሰሩ በአብዛኛው በደረት መካከል ወዳሉት ንፍፊቶች የገባባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ ብዙ ሐኪም ፊቱ ይጠቁር ነበር። ከ46ቱ 41ዱ ቀዶ ጥገና ደረሱ። ከ41ዱ በ26ቱ በወጣው ሥጋ ውስጥ በሕይወት ያለ አንድም የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም። ይህ በ2020 ላንሴት ኦንኮሎጂ ላይ ሲወጣ ሰው ያላመነው ለዚህ ነው፦ 46 ሰው ብቻ፣ ለማነጻጸሪያ የተመደበ ቡድንም የለው። የ1994ቱን ደስታ የሚያስታውሱ ነበሩ፤ ትክክል ነበሩ ብዬ አስባለሁ።

የሚያሳምነው በዕጣ የሚመደብ ትልቅ ጥናት ነው፤ ያም ተጀምሮ ነበር። ቼክሜት 816 ይባላል፤ በማርች 2017 ተከፍቶ በኖቬምበር 2019 ምዝገባውን ዘጋ። በተለያዩ አህጉራት ያሉ 358 ሕመምተኞች በዕጣ እኩል ተከፈሉ፤ 179ኙ ኬሞ ብቻ፣ 179ኙ ኬሞና ኒቮሉማብ፣ ሁለቱም ሦስት ዙር። ከዚያ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ጥገና። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ስልሳ ቤት የገቡ አጫሾች ወይም ያጨሱ የነበሩ ሲሆኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ናቸው። ኢጂኤፍአርና ኤኤልኬ በሚባሉ ጂኖች ላይ ለውጥ ያለባቸው አልተካተቱም። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ያላጨሱ ሰዎች ናቸው፤ ኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለትም የበሽታ መከላከያውን የሚያነሳሳ መድኃኒት፣ በእነሱ ላይ እምብዛም አይሠራም፤ ለእነሱ ሌላ ዓይነት እንክብል አለ።

የመጀመሪያው ውጤት በኤፕሪል 2021 ወጣ። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 179 ሰዎች ካንሰሩ ጨርሶ የጠፋላቸው 4 ናቸው። ከኬሞው ጋር ኒቮሉማብ ከወሰዱት ደግሞ 43። ከመቶ ሲሰላ 2.2 እና 24 ማለት ነው። ናዲም ያሳየውን 63 አላከለም፤ ሕመምተኞቹም የሚለያዩ ናቸው፣ በትልቅ ጥናት ቁጥር ዝቅ ማለቱም የተለመደ ነው። ግን አሥር እጥፍ ልዩነት ነው፤ ይህ በዕጣ የተገኘ ስለሆነ በምንም ሊመካኝ አይችልም። የቀዶ ጥገና ሐኪሞቹን ሥጋት በተመለከተም መልስ መጣ፤ እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይህኛው ነው። ኢሚዩኖቴራፒ ከወሰዱት ከመቶ 83ቱ ቀዶ ጥገና ደረሱ፤ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 75ቱ። ሙሉ ሳንባ መውጣት ያስፈለጋቸው ከመቶ 25 የነበረው ወደ 17 ወረደ፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተከናወነው ቀዶ ጥገና ደግሞ ከ22 ወደ 30 ወጣ። ይጎዳል የተባለው መድኃኒት የሐኪሙን ሥራ አቀለለለት። ግራሃም በ1933 ሙሉ ሳንባ ያወጡት ሌላ ምርጫ አጥተው ነበር፤ አሁን ምርጫው ተፈጠረ።

ቢሆንም መድኃኒቱ የወሰዱትን ሁሉ ቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ አላደረሰም። ከመቶ 16 ያህሉ በአንድ ወይም በሌላ ምክንያት ሳይቀደዱ ቀርተዋል፤ ካንሰሩ እያደገባቸው የቀሩም አሉ። ፍሬኑ ሲለቀቅ ቲ-ሴሉ አንዳንዴ የገዛ አካልን ይነክሳል፤ የእንቅርት ዕጢ፣ አንጀት፣ ቆዳ፣ ሳንባ ራሱ ይቆጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚያስወስዱ ናቸው። ለመዳን የሚከፈል ዋጋ ነው ይባል ይሆናል፤ ሊድን የሚችል የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ ግን ዋጋው ይከብዳል።

ማርች 4 ቀን 2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኒቮሉማብን ከኬሞ ጋር ለሳንባ ካንሰር ከቀዶ ጥገና በፊት እንዲሰጥ አጸደቀ፤ ከቀዶ ጥገና በፊት የሚሰጥ የሳንባ ካንሰር መድኃኒት ሲጸድቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሚቀጥለው ወር ሙሉው ውጤት ታተመ፦ ካንሰሩ ሳይመለስ ወይም ሳይብስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከ20.8 ወር ወደ 31.6 ወር ረዝሟል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። እያንዳንዱ የመድኃኒት ኩባንያ የራሱን ፀረ-ፒዲ-1 ወይም ዘመዱን ይዞ ገባ፤ በ2023 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ የፔምብሮሊዙማብ፣ የዱርቫሉማብ፣ የቻይናው ቶሪፓሊማብና እንደገና የኒቮሉማብ ጥናቶች ተከታትለው ውጤት አወጡ። ከስታንፎርድ ሄዘር ዌክሊ ያቀረቡት የፔምብሮሊዙማብ ጥናት 797 ሰዎችን ያቀፈ ሲሆን በሁለተኛው ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የተገኙት ከመቶ 40.6 ወደ 62.4 ከፍ ብለዋል። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፤ መድኃኒቱን ከቀዶ ጥገና በፊት ሰጥተው አላበቁም፣ ከቀዶ ጥገናውም በኋላ ለወራት፣ እስከ አንድ ዓመት፣ ቀጠሉበት። ቼክሜት 816 ደግሞ ሦስት ዙር ሰጥቶ ያበቃል፤ ውጤቱ ግን ከእነሱ እምብዛም አይርቅም። ታዲያ ያ የዓመት ጭማሪ ምን ሠራ? የሚሞክሩት ቡድኖች በፊትና በኋላ የሚሰጠውን ሁለቱንም የሚወስዱና ሁለቱንም የማይወስዱ ብቻ ስለነበሩ ከጥናቶቹ መልስ ማግኘት አይቻልም። ይህን ዓይነት ጥናት የነደፈ ሰው ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ ነው አልልም፤ የአንድ ዓመት መድኃኒት የሚሸጥ ኩባንያ ጥያቄውን ለማንሣት አይቸኩልም።

ጁላይ 25 ቀን 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ የካንሰር ሐኪሞች ኮሚቴ በዚህ ላይ ተቀመጠ። ከአሁን በኋላ የሚነደፉ ጥናቶች የቅድሙንና የኋላውን ድርሻ ለይተው እንዲያሳዩ ይጠየቁ ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ 11 ለ 0 አዎ አሉ። ዱርቫሉማብ ግን በሚቀጥለው ወር ጸደቀ፣ ከነዓመቱ።

ጁን 2025 ላይ ፎርድ ቺካጎ በተካሄደው የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ጉባኤ መድረክ ላይ ወጡ። የቼክሜት 816 ሕመምተኞች አምስት ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 55ቱ በሕይወት አሉ፤ ኒቮሉማብ ከተጨመረላቸው 65.4ቱ። የኬሞ ብቻ ትርፍ አምስት ሰው እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ይህ በዚያ ላይ የተጨመረ አሥር ነው። በሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ። በወጣው ሥጋ ውስጥ ምንም ካንሰር ያልተገኘባቸው ደግሞ በአምስተኛው ዓመት ከመቶ 95.3ቱ በሕይወት ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ግራሃምን ሊያስደነግጥ የሚችል ጥያቄ አስነሥቷል፤ በአንዳንድ ሆስፒታሎች አሁን በግልጽ የሚጠየቅ ነው። ካንሰሩ በመድኃኒቱ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሳንባውን ለምን እንቀድዳለን? የትልቁ አንጀት ጫፍ ካንሰር የያዛቸው አንዳንድ ሰዎች በዚህ መንገድ ሳይቀደዱ እየኖሩ ነው። ለሳንባ ግን መንገዱ ገና ጠባብ ነው። በደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የካንሰር ዲኤንኤ መለኪያ ይሞከራል፣ ስካኖች ይነጻጸራሉ፤ ሆኖም ሲቲ ስካን ባሉበት ናቸው ያላቸው ሰዎች ዕጢ በፎርድ ጥናት ሞቶ እንደተገኘ ሁሉ፣ ጠፋ የተባለውም ጥግ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ዕጢው ሞቶ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገረው እስከ ዛሬ ፓቶሎጂስቱ ብቻ ነው፤ እሱም ለመናገር ዕጢው ወጥቶ በእጁ መግባት አለበት።